መጪው የኮምፒውተር ዘመን በጅቡቲ ያልፋል ወይስ ያርፋል?

ከጅቡቲ ከተማ መሐል ወጣ ብሎ፣ ፒኬ 12 በሚባለው ሰፈር፣ የኢትዮጵያ ሰሌዳ የለጠፉ የጭነት መኪናዎች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሾፌሮቹ ማዳበሪያው፣ ስንዴው ወይም ኮንቴይነሩ ከወደብ እስኪደርሳቸው ድረስ በመኪናቸው ጥላ ሥር አረፍ ብለው ስልካቸውን ይነካካሉ። ለቤተሰብ የድምፅ መልዕክት የሚልክ አለ። ዜና የሚያነብ፣ ቪዲዮ የሚያይ፣ የሞተር ብልሽት ገጥሞት መፍትሔ የሚያፈላልግም አይጠፋም።

እነዚህ ሾፌሮች ኢትዮጵያ በባሕር ከምታስገባውና ከምታስወጣው ዕቃ አብዛኛውን በሚያመላልሰው መስመር ላይ ይሠራሉ። የሀገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል እንደሚያልፍ በተደጋጋሚ ተነግሯል።

ብዙ ጊዜ የማይነገርለት ሌላ ጭነት ግን አለ። ይህ ጭነት ቀረጥ አይከፈልበትም፤ ክሬንም አያነሳውም። ከባሕር ወለል ወጥቶ በአሸዋ ሥር ወደ ከተማዋ ይገባል፤ ከዚያም በምድር በተዘረጋ ገመድ ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። ይህም ጭነት መረጃ ነው።

ስለ መጪው የኮምፒውተር ዘመን ሲወራ የሚነሱት አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ኳንተም ኮምፒውተር ወይም በአሜሪካና በቻይና መካከል ያለው የቺፕ ፉክክር ናቸው። ለአፍሪካ ቀንድ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ይኸውም ስሌቱ የሚሠራው የት ነው? የሚያልፈውስ በየት በኩል ነው? የሚል ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ በከፊል በጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ላይ ይገኛል።

ከባቡር ሐዲድ እስከ ፋይበር

ጅቡቲ ለኢትዮጵያ የመገናኛ በር መሆን የጀመረችው ዛሬ አይደለም። በፈረንሳዮች አማካይነት ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ እአአ በ1902 ድሬዳዋ ከተማ ወደተቆረቆረችበት ስፍራ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደርሷል። በሐዲዱ ዳር የተተከሉት ምሰሶዎች የመልዕክት ሽቦ ተሸካሚዎች ነበሩ። ዕቃና ቃል በአንድ መንገድ መጓዝ የጀመሩት ያኔ ነው።

ከአንድ ክፍለ ዘመን በኋላ ሁለቱን ዋና ከተሞች በኤሌክትሪክ የሚሠራ አዲስ የባቡር መስመር አገናኛቸው። መስመሩ የተመረቀው እአአ በ2016 ነው። በዚህ ጊዜ ግን የመልዕክት ማመላለሱ ሥራ ከሽቦ ወደ ፋይበር ኦፕቲክ፣ ከምሰሶ ወደ ምድር ሥርና ወደ ባሕር ወለል ተሸጋግሮ ነበር።

ትንሿ ጅቡቲ፣ ነዋሪዎቿ አንድ ሚሊዮን ገደማ የሆነችው ሀገር፣ በአህጉሪቱ ብዙ ዓለም አቀፍ የባሕር ሥር ገመዶች ከሚያርፉባቸው ስፍራዎች አንዷ ናት። አውሮፓን ከእስያ የሚያገናኙት ኤኤኢ-1 እና ሲ-ሚ-ዊ 5፣ የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ ተከትለው የሚወርዱት ኢሲ እና ሲኮም እንዲሁም ጅቡቲን ከሶማሊያና ከኬንያ የሚያስተሳስረው ዴር-1 ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ።

ምክንያቱ መልክዓ ምድር ነው። ከእስያ ወደ አውሮፓ የሚዘረጋ ገመድ አጭሩን መንገድ ከመረጠ በባብ ኤል መንደብ የባሕር ወሽመጥ አልፎ ወደ ቀይ ባሕር መግባት አለበት። ጅቡቲ ደግሞ በዚሁ ወሽመጥ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። መርከቦችን ወደ ከተማዋ የሳበው ምክንያት ገመዶችንም ስቧል።

ገመዱ ውስጥ ምን አለ?

በአህጉራት መካከል ከሚመላለሰው መረጃ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚጓዘው በሳተላይት ሳይሆን በባሕር ሥር በተዘረጉ ገመዶች ነው። በጥልቅ ባሕር ላይ የሚያርፈው ገመድ ከአትክልት ማጠጫ ጎማ አይወፍርም። ወደ ጠረፍ ሲቃረብ ግን ከመልህቅና ከዓሣ ማጥመጃ መረብ እንዲጠበቅ በብረት ሽቦ ይጠቀለላል፤ በዚህም ምክንያት ይወፍራል።

በመሐሉ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ክሮች አሉ። መረጃው በእነዚህ ክሮች ውስጥ የሚጓዘው ብርሃን ሆኖ ነው። በአንዱ ክር ውስጥ የተለያየ ቀለም ያላቸው በርካታ የብርሃን ጨረሮች በአንድ ጊዜ ያልፋሉ፤ እያንዳንዱም ጨረር የራሱን መልዕክት ይሸከማል። ብርሃኑ በጉዞው ሲደክም መልሶ የሚያበረታው መሣሪያ በየተወሰነ ርቀት ገመዱ ላይ ይገጠማል። ለዚህ መሣሪያ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክም ከባሕር ዳርቻ ጣቢያዎች ይላካል።

ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ፍጥነቱ ገደብ የለሽ ቢመስልም ርቀት ዋጋ ያስከፍላል። ከአዲስ አበባ በጅቡቲ አድርጎ በፈረንሳይዋ ማርሴይ ከተማ ወደሚገኝ ኮምፒውተር የሚላክ ጥያቄ የሚያቋርጠው መንገድ 6 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ለደርሶ መልሱ ብቻ ቢያንስ 60 ሚሊ ሰከንድ ያስፈልጋል። በየመንገዱ ባሉት መሣሪያዎች የሚባክነው ጊዜ ሲጨመርበት መዘግየቱ ከዚህ ይበልጣል።

ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ከሩቅ ሆኖ ቀዶ ሕክምናን ለሚያግዝ ሐኪም፣ የፋብሪካን ማሽን ለሚቆጣጠር መሐንዲስ ወይም እንደ ሰው ያለማቋረጥ ለሚነጋገር የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎት ግን የምላሽ ፍጥነት ወሳኝ ነው።

"ደመናው" አድራሻ አለው

የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ሩቅ ቦታ የሚገኙ ኮምፒውተሮቻቸውን አገልግሎት "ክላውድ" ወይም ደመና ብለው ሰይመውታል። ስያሜው ነገሩ ሁሉ በሰማይ ላይ የሚንሳፈፍ ያስመስለዋል። እውነታው ግን ሌላ ነው። ደመናው አጥር፣ ጥበቃ፣ የኤሌክትሪክ ቆጣሪና ማቀዝቀዣ ያለው ሕንፃ ነው። ይህ ሕንፃ የዳታ ማዕከል ይባላል።

በጅቡቲ ከተማ ከባሕር የሚወጡት ገመዶች የሚገናኙበት ጅቡቲ ዳታ ሴንተር የተሰኘ ማዕከል እአአ በ2013 ሥራ ጀምሯል። በአዲስ አበባም በአይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ዊንጉ እና ራክሲዮ ያሉ የግል ኩባንያዎች ማዕከሎች ገንብተዋል። ዊንጉ በሁለቱም ከተሞች የሚሠራ ኩባንያ ነው። እንዲህም ሆኖ መላው አፍሪካ ከዓለም የዳታ ማዕከላት አቅም ያለው ድርሻ ከአንድ በመቶ በታች እንደሆነ ይገመታል።

ይህ ማለት የአፍሪካ ቀንድ ነዋሪ በስልኩ ከሚያከናውናቸው ነገሮች ብዙዎቹ የሚከናወኑት በሌላ አህጉር ነው ማለት ነው። ፒኬ 12 የቆመ ሾፌር አጠገቡ ላለ ባልንጀራው የሚልከው መልዕክት እንኳ እንደ መተግበሪያው ዓይነት ባሕር ተሻግሮ ሄዶ፣ ባሕር ተሻግሮ ሊመለስ ይችላል።

ይህንን አላስፈላጊ ጉዞ ለማስቀረት የሚረዳ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። የኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅቶች በአንድ ሕንፃ ውስጥ መስመሮቻቸውን እርስ በርስ ያገናኙና የሀገር ውስጥ መረጃ ከሀገር ሳይወጣ እንዲለዋወጥ ያደርጋሉ። ይህ የኢንተርኔት መለዋወጫ ጣቢያ ይባላል። ጅቡቲ ውስጥ ዲጂክስ የተሰኘ እንዲህ ያለ ጣቢያ አለ። ይዘቱ ራሱ በአካባቢው ካልተቀመጠ ግን የጣቢያው ጥቅም ውሱን ነው። ገበያ ቢከፈትም ሻጩ ሌላ ከተማ ካለ ገዢው መንገደኛ መሆኑ አይቀርም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ምኑን ቀየረው?

እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ የኢንተርኔት ተጠቃሚ የሚጠይቀው በአብዛኛው ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነገርን ነበር፤ ፎቶ፣ ጽሑፍ ወይም ቪዲዮ። አንድ ቪዲዮ በሚሊዮን ሰዎች ቢፈለግ ቅጂውን ለተጠቃሚው ቅርብ በሆነ ቦታ በማስቀመጥ የባሕሩን ጉዞ መቀነስ ይቻላል። ብዙ ኩባንያዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ግን ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ መልስ በስሌት ያመነጫል። ዛሬ የተሰጠው መልስ ነገ ለሌላ ሰው ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ቅጂ ማስቀመጥ ብቻውን በቂ አይሆንም፤ ስሌቱን የሚሠራው ማሽን ራሱ መቅረብ አለበት።

እዚህ ላይ ሁለት ሥራዎችን መለየት ያሻል። የመጀመሪያው ሞዴሉን ማሠልጠን ነው። ይህ እጅግ ብዙ ቺፖችን፣ ወራት የሚፈጅ ጊዜንና ግዙፍ ካፒታልን ይጠይቃል። ሁለተኛው የሠለጠነውን ሞዴል ሥራ ላይ ማዋል ነው፤ ይህም ጥያቄ በመጣ ቁጥር መልስ ማመንጨት ማለት ነው። የመጀመሪያውን ሥራ ለጊዜው ጥቂት ሀብታም ኩባንያዎችና መንግሥታት ይዘውታል። ሁለተኛው ግን አነስ ባሉ ማዕከሎች፣ አንዳንዴም በስልኩ በራሱ ላይ ሊከናወን ይችላል። ለአፍሪካ ቀንድ የተከፈተው በር ይህ ሁለተኛው ነው።

ጠባቡ ወሽመጥ

ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ ስፍራ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ጠባብ ስፍራ ብዙ ገመዶች ተጠጋግተው ያልፋሉ። የዚህ አደጋ ምን እንደሚመስል እአአ በ2024 መጀመሪያ ላይ ታይቷል።

በየካቲት 2024 ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ በየመን ሁቲዎች ሚሳኤል ተመታች። ሠራተኞቿ ትተዋት ሲወጡ መልህቋን ጥላ ነበር፤ ከዚያም መልህቁን እየጎተተች ለቀናት ስትንሳፈፍ ቆይታ ሰጠመች። በዚያው ሰሞን ኤኤኢ-1፣ ኢአይጂ እና የሲኮም መስመር ተቆረጡ። የአሜሪካ ባለሥልጣናት ለጉዳቱ የመርከቧ መልህቅ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። መቀመጫውን በሆንግ ኮንግ ያደረገ አንድ የቴሌኮም ኩባንያ በወቅቱ በቀይ ባሕር ከሚያልፈው የመረጃ ፍሰት ሩብ ያህሉ እንደተነካ አስታውቆ ነበር።

በመስከረም 2025 ደግሞ በሳዑዲ አረቢያዋ ጅዳ አቅራቢያ ሌሎች ገመዶች ተቆርጠው በእስያና በመካከለኛው ምሥራቅ የኢንተርኔት መዘግየት አስከተሉ። ማይክሮሶፍትም የክላውድ ደንበኞቹ መዘግየት ሊገጥማቸው እንደሚችል ገልጾ ነበር።

ገመድ መቆረጡ በራሱ እንግዳ ነገር አይደለም። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ከ150 እስከ 200 የሚደርሱ ብልሽቶች ያጋጥማሉ። አብዛኞቹ የሚከሰቱት በዓሣ አጥማጆችና በመርከብ መልህቅ ነው። የጥገና መርከብ ብልሽቱ ወዳለበት ሄዳ ገመዱን በመንጠቆ ከባሕር ወለል ታነሳለች፤ ባለሙያዎቹም የመስታወት ክሮቹን አንድ በአንድ አቅልጠው ይቀጥሏቸዋል።

በቀይ ባሕር ደቡባዊ ክፍል ችግሩ ከቴክኒክ በላይ ነው። የጥገና መርከብ በጦርነት ቀጠና ለቀናት ቆማ መሥራት አለባት። የውሃው ባለቤት ነን ከሚሉ ተፋላሚ ወገኖች ፈቃድ ማግኘትና የመድን ዋስትና መግዛትም ያስፈልጋል። በዚህም የተነሳ በ2024 የተቆረጡት መስመሮች ጥገና ወራት ፈጅቷል። የሜታ ኩባንያ የሚመራውና ርዝመቱ 45 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚደርሰው ቱአፍሪካ የተሰኘ ግዙፍ ገመድም በቀይ ባሕር በኩል ያለው ክፍሉ ዘግይቷል።

ለጅቡቲ ይህ ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል ገመዶቿ አደጋ ላይ ናቸው። በሌላ በኩል ከሰሜን ቢቆረጥባት በደቡብ በኩል ወደ ሞምባሳና ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወርዱ፣ ወደ ምሥራቅ እስከ እስያ የሚዘልቁ መስመሮች ስላሏት መረጃው ዞሮ የሚሄድበት መንገድ አያጣም። መንገዱ መርዘሙ፣ ወጪውም መጨመሩ ግን አይቀርም። ኢትዮጵያም በጅቡቲ ላይ ብቻ ላለመንጠልጠል በኬንያና በሱዳን በኩል መስመሮች አሏት። ይሁንና በሱዳን የቀጠለው ጦርነት የአማራጮቹን ጥንካሬ ፈትኗል።

ኤሌክትሪኩ ይወርዳል፤ መረጃው ይወጣል

የጅቡቲ በጋ ከባድ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይደርሳል፤ ከባሕሩ የሚነሳው ወበቅም ይታከልበታል። ኮምፒውተር ደግሞ ሲያሰላ ይሞቃል። በሺህ የሚቆጠሩ ማሽኖች የተደረደሩበት አዳራሽ ያለማቋረጥ መቀዝቀዝ አለበት። ስለዚህ በዚህች ከተማ የሚሠራ የዳታ ማዕከል ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ለማስላት፣ አንዴ ለማቀዝቀዝ።

የዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ግምት የጉዳዩን ስፋት ያሳያል። የዓለም የዳታ ማዕከላት እአአ በ2024 የተጠቀሙት ኤሌክትሪክ 415 ቴራዋት ሰዓት ገደማ ሲሆን ይህም ከዓለም ፍጆታ 1.5 በመቶ ያህሉ ነው። አሃዙ በ2030 ከእጥፍ በላይ አድጎ ወደ 945 ቴራዋት ሰዓት እንደሚጠጋ ኤጀንሲው ተንብይዋል። ለዚህ ዕድገት ዋነኛው ምክንያት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው።

ጅቡቲ ከምትጠቀመው ኤሌክትሪክ ከፍተኛውን ድርሻ የምታገኘው ከኢትዮጵያ ነው። ሁለቱ ሀገራት በከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመር የተገናኙት እአአ በ2011 ነበር። ጅቡቲ በበኩሏ በ2023 በጉቤት አካባቢ 60 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የነፋስ ኃይል ማመንጫ አስመርቃለች። ኢትዮጵያ ደግሞ ከ5 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም ያለውን የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በመስከረም 2025 መርቃለች።

እንግዲህ በአንድ ኮሪደር ሁለት ነገሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛሉ። ኤሌክትሪኩ ከደጋው ወደ ባሕሩ ይወርዳል፤ መረጃው ከባሕሩ ወደ ደጋው ይወጣል። የዳታ ማዕከል የሚያስፈልጉት ዋና ዋና ነገሮች ርካሽ ኤሌክትሪክ፣ ቀዝቃዛ አየርና ፈጣን መስመር ናቸው። አንዷ ሀገር የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይዛለች፤ ሌላዋ ሦስተኛውን። ለብቻቸው ጎዶሎ የሆኑት ሁለቱ ጎረቤታሞች አንድ ላይ ሲሆኑ ይሟላሉ።

ይህን ዕድል አስቀድመው ያዩት የቢትኮይን አምራቾች ናቸው። ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ርካሽ ኃይል ገዝተው ማሽኖቻቸውን አስነስተዋል፤ ለሀገሪቱም የውጭ ምንዛሪ አስገብተዋል። ነገር ግን ቢትኮይን ማምረት ለአካባቢው ነዋሪ የሚሰጠው አገልግሎት የለም፤ የሥራ ዕድሉም ጥቂት ነው። ያው ኤሌክትሪክ ለሆስፒታሎች፣ ለዩኒቨርሲቲዎችና ለቋንቋ ቴክኖሎጂ የሚያሰሉ ማሽኖችን ቢያንቀሳቅስ ውጤቱ የተለየ ይሆን ነበር። ይህን ሲያነሳ ግን በገጠር ካለው ነዋሪ ብዙው ገና መብራት እንዳላገኘ መዘንጋት አይቻልም። አንድ ሜጋ ዋት ለማሽን ሲሰጥ ለማን እንዳልተሰጠ መጠየቁ ተገቢ ነው።

የፊደሉ ሸክም

ማሽኑ ቢቀርብም የሚናገረው ቋንቋ ሌላ ከሆነ ችግሩ በግማሽ ብቻ ነው የሚፈታው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ የተካተተው እአአ በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በአንድ ኮምፒውተር የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍ በሌላው ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ይህን ለመለወጥ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችና ወዳጆቻቸው ለዓመታት ደክመዋል።

ዛሬ ችግሩ መልኩን ቀይሯል። ኢንተርኔት ላይ በብዛት በሚሠራበት የአጻጻፍ ሥርዓት አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። "ሰላም" የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል ዘጠኝ ባይት ይፈልጋል።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎች ጽሑፍን የሚያነቡት ቶከን ወደሚባሉ ቁርጥራጮች ሰባብረው ነው። የተማሩት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የእንግሊዝኛን ቃል ብዙ ጊዜ እንዳለ ይወስዱታል፤ የአማርኛውን ግን ይቆራርጡታል። አገልግሎቱ የሚሸጠው በቶከን ቁጥር በመሆኑ ተመሳሳይ ሐሳብ በአማርኛ ሲገለጽ ዋጋው ከፍ ይላል፤ መልሱም ይዘገያል። አዳዲስ ሞዴሎች ይህን ልዩነት እያጠበቡት ቢመጡም አላጠፉትም።

አፋርኛና ሶማሊኛ የላቲን ፊደል ስለሚጠቀሙ የባይቱ ሸክም የለባቸውም፤ በዲጂታል መልክ ያለው ጽሑፋቸው ግን ትንሽ ነው። ሁለቱም ድንበር ተሻግረው በጅቡቲና በኢትዮጵያ ይነገራሉ። ለእነዚህ ቋንቋዎች የሚሠራ መሣሪያ ቢኖር ሁለቱም ሀገራት ይጠቀሙበታል።

ጥረቶች አሉ። ሌሳን የተሰኘው ኩባንያ ለአማርኛና ለትግርኛ የማሽን ትርጉም ሠርቷል። ኢትዮኤንኤልፒ በሚል ስም የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች መረጃና ሞዴል በነፃ እንዲገኝ ይሠራሉ። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ትምኒት ገብሩ እአአ በ2021 የመሠረተችው ዴር የምርምር ተቋም ደግሞ ግዙፍ ሞዴሎች የጥቂት ቋንቋዎችንና የጥቂት ኩባንያዎችን ጥቅም እንደሚያስቀድሙ ይሞግታል። ኢትዮጵያም በ2020 የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ተቋም አቋቁማለች።

ማብሪያ ማጥፊያው በማን እጅ ነው?

ገመድ የሚቆረጠው በመልህቅ ብቻ አይደለም። በሰኔ መጨረሻ 2020 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በመላው ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። በትግራይ ጦርነት ወቅት የክልሉ ነዋሪዎች ረጅም ጊዜ ያለ ስልክና ኢንተርኔት ቆይተዋል። በአማራ ክልልም ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በብዙ አካባቢዎች የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቷል። በእነዚያ ጊዜያት ለመቋረጡ ምክንያት የሆነው የባሕር ሥር ገመድ መቆረጥ አልነበረም።

ስለዚህ ማሽኖችን ወደ ሀገር ማቅረብ ጥቅም ብቻ ሳይሆን ጥያቄም ይዞ ይመጣል። መረጃ በሀገር ውስጥ ሲቀመጥ ከውጭ ኩባንያ ቁጥጥር ይወጣል፤ ነገር ግን ለሀገር ውስጥ ባለሥልጣን ቅርብ ይሆናል። ኢትዮጵያ እአአ በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። አዋጁ የሚመዘነው ግን በወረቀት ላይ ባለው ቃል ሳይሆን፣ መረጃው በእጁ የገባ አካል ኃላፊነት ሲጎድለው ተጠያቂ በመሆኑ ነው።

ከኮሪደር ወደ ማረፊያ

ከዚህ ሁሉ ተነስቶ መጪው ጊዜ በሁለት መንገድ ሊሄድ እንደሚችል መገመት ይቻላል።

በአንደኛው መንገድ ነገሮች አሁን ባሉበት ይቀጥላሉ። ጥሬ መረጃ ከአካባቢው ወጥቶ ይሄዳል፤ በሌላ አህጉር ተቀነባብሮ እንደ አገልግሎት በውጭ ምንዛሪ ተሸጦ ይመለሳል። የቡና ገበሬ ይህን ታሪክ በደንብ ያውቀዋል። ጅቡቲ የማስተላለፊያ ክፍያ ታገኛለች፤ ኢትዮጵያ ትከፍላለች። ገመዱ በተቆረጠ ቁጥር ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ ተማሪውም ይቆማሉ። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንዲሉ፣ የተዋሱት ብልኅነት ባለቤቱ በፈለገው ቀን ይወስደዋል።

በሁለተኛው መንገድ አካባቢው አሜሪካንና ቻይናን በግዙፍ ማሽን ለመፎካከር አይሞክርም። ይልቁንም በአነስተኛ ማሽኖች የሚሠሩ፣ ለአማርኛ፣ ለአፋን ኦሮሞ፣ ለሶማሊኛ፣ ለትግርኛና ለአፋርኛ የተቃኙ ትንንሽ ሞዴሎችን ይዞ ይነሳል። እነዚህ በአዲስ አበባ ወይም በጅቡቲ ማዕከል፣ አልፎም በስልክ ላይ ሊሠሩ ይችላሉ። ገመዱ ቢቆረጥ ውጭ ያለው ዓለም ይርቃል እንጂ የጤና ጣቢያው ሥራ አይቆምም።

ለዚህ የሚሆኑ መነሻዎች በእጅ ላይ አሉ። ኢትዮ ቴሌኮም፣ ጅቡቲ ቴሌኮም እና የሱዳኑ ሱዳቴል ሦስቱን ሀገራት በምድር ላይ ፋይበር የሚያስተሳስር ሆራይዘን የተሰኘ ዕቅድ ይዘዋል። ዓላማውም በቀይ ባሕር ወለል ላይ ያለውን ጥገኝነት የሚቀንስ የየብስ አማራጭ መፍጠር ነው። ጅቡቲ እአአ በ2023፣ ኢትዮጵያም በ2019 የመጀመሪያ ሳተላይቶቻቸውን አምጥቀዋል። እንዲህ ያሉ ሳተላይቶች ገመድን አይተኩም፤ ነገር ግን ስለ ዝናብ፣ ስለ ድርቅና ስለ ሰብል የሚሰበስቡት መረጃ በአካባቢው ሊተነተን የሚችልና ለአካባቢው የሚጠቅም ነው።

የሚጎድለው ከቴክኖሎጂው ይልቅ ስምምነቱ ነው። ወደብ ለመጠቀም፣ ባቡር ለመሥራት፣ ኤሌክትሪክ ለመሸጥና ውሃ ለማካፈል የተስማሙት ሁለቱ ጎረቤታሞች፣ ስሌት የት እንደሚሠራና መረጃው በየትኛው ሕግ እንደሚጠበቅ ደግሞ መነጋገር ይኖርባቸዋል። አንዳቸው ለሌላው በር ብቻ ሆነው ከቀሩ ሁለቱም አላፊ አግዳሚውን እያዩ ይኖራሉ።

ምሽት ላይ ፒኬ 12 ትንሽ ይቀዘቅዛል። ተራው የደረሰው ሾፌር ሞተሩን አስነስቶ በጋላፊ በኩል ወደ አዋሽ፣ ወደ አዳማ፣ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ይጀምራል። ለቤተሰቡ መነሳቱን የሚነግረው መልዕክት ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል። መልዕክቱ እቤት የሚገባው ባሕር ተሻግሮ ነው ወይስ በእሱው መንገድ ዳር በተቀበረው ገመድ በቀጥታ? የአፍሪካ ቀንድ የመጪ ዘመን የኮምፒውተር ጥያቄ በአጭሩ ሲቀመጥ ይህ ነው።